ከ«ሄሎ ኪቲ» እስከ አሸዋ ድመት፦ ከሴት ልጆች ጋር ከአቡ ዳቢ አል ዐይን የአንድ ቀን ሽርሽር

ክብ ፊት፣ ሁለት ነጥብ የመሰሉ ዓይኖች፣ በጆሮዋ ሥር ቀይ ሪባን፤ አፍ ግን የላትም። ጃፓናዊቷ «ሄሎ ኪቲ» በአቡ ዳቢና በአል ዐይን የገበያ ማዕከላት ከቦርሳ እስከ እርሳስ መያዣ፣ ከጫማ እስከ ውሃ ኮዳ ላይ ታትማ ትታያለች። ፊቷ ቆመው የሚማጸኑት አብዛኛውን ጊዜ ሴት ልጆች ናቸው፤ ከኋላቸው ደግሞ ዋጋውን ገልበጥ አድርገው የሚያዩ እናትና አባት ይቆማሉ።

በኤምሬትስ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ልጆች በትምህርት ቤት ዐረብኛና እንግሊዝኛ ይሰማሉ፤ በስልክ የጃፓን የካርቱን ፊልም ይመለከታሉ፤ አማርኛው ግን ብዙ ጊዜ «ብይ»፣ «ተኚ» ከሚል ትእዛዝ አያልፍም። ልጆች ስለሚወዱት ነገር ከወላጆቻቸው ጋር በአማርኛ የሚያወሩበት ቀን ከተገኘ ትርፉ ከአሻንጉሊቱ ይበልጣል። ቀጥሎ የቀረበው የአንድ ቅዳሜ የጉዞ ሐሳብ ለዚህ የታሰበ ነው።

«ካዋይ» ምንድን ነው?

ጃፓናውያን ትንሽ፣ ለስላሳና ልብ የሚነካ ነገርን «ካዋይ» ይሉታል። ቃሉ በጥንት ዘመን ፊት በኀፍረት መቅላቱን የሚገልጽ ነበር፤ በኋላ ወደ «የሚያሳዝን» ተሻገረ፤ በመጨረሻም «የሚወደድ» የሚለውን ትርጉም ያዘ። ዛሬም «ካዋይሶ» ሲሉ «ምስኪን» ማለታቸው ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ አይደለም። እኛም ሕፃን ስናይ «ስታሳሳ!» እንላለን፤ አንዳንዴም ምንም ሳትሆን «ስታሳዝን!» እንላለን። «ሳሳ» ማለት «ቀጠነ» ማለት ነው፤ ለልጁ የሚሳሳ ወላጅም ልቡ የቀጠነለት ነው። ስለዚህ ሴት ልጅ «ካዋይ ምንድን ነው?» ብትል መልሱ በቤቷ ቋንቋ አለ፦ «የሚያሳሳ»።

ባህሉ ሥር የሰደደ ነው። ከአንድ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ሴይ ሾናጎን የተባለች የጃፓን ቤተ መንግሥት ወይዘሮ የሚያሳሱ ነገሮችን ስትዘረዝር የድንቢጥ ጫጩትን ጨምራ ነበር። በዘመናችን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የጃፓን ልጃገረዶች ፊደላቸውን ክብ አድርገው መጻፍ ጀመሩ፤ በ1974 ሳንሪዮ የተባለው ኩባንያ ሠራተኛ ዩኮ ሺሚዙ «ሄሎ ኪቲ»ን ሣለች፤ በቀጣዩ ዓመት ምስሏ በትንሽ የሳንቲም ቦርሳ ላይ ሆኖ ለገበያ ቀረበ። በ2009 የጃፓን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሦስት ወጣት ሴቶችን የዚህ ባህል መልእክተኛ አድርጎ እስከ መሾም ደርሷል።

ልጆችን የሚያስገርም ሌላም ነገር አለ። በ2014 ኩባንያው ኪቲ ድመት ሳትሆን ትንሽ ልጅ መሆኗን ተናግሯል። በተጻፈላት ታሪክ መሠረት በለንደን አቅራቢያ ትኖራለች፤ ሚሚ የተባለች መንትያ እኅት አለቻት፤ ቁመቷም የአምስት ፖም ያህል ነው።

ጠዋት፦ ምሳ ዕቃውን ማስጌጥ

ቀኑ ከቤት ይጀመር። የጃፓን እናቶች የልጆቻቸውን ምሳ ዕቃ በእንስሳትና በገጸ ባሕርያት መልክ ያስጌጣሉ። ይህን ለመሥራት ውድ ነገር አያስፈልግም። የተጨመቀ ሩዝ የድብ ጭንቅላት ይሆናል፤ ጥቁር አዝሙድ ዓይን፣ የካሮት ቁራጭ ሪባን፣ የተቀቀለ እንቁላል ጫጩት ይሆናል። ልጆች ራሳቸው ሲሠሩት ጨዋታው በዚያው ይጀመራል፤ «ቅረጪ»፣ «ክብ አድርጊው»፣ «ዓይኑ ተጣመመ» የሚሉ ቃላትም ያለ ትምህርት ይገባሉ።

ምሳ ከቤት መያዙ የሐላል ጉዳይንም ያቃልላል። የጃፓን ለስላሳ ከረሜላዎች ከምን እንስሳ እንደተገኘ ያልተገለጸ ጄላቲን ሊኖራቸው ይችላል፤ አንዳንድ ማጣፈጫዎችም «ሚሪን» የተባለው ጣፋጭ የሩዝ ወይን አለባቸው። ከመደብር የሚገዛ ነገር ካለ የሐላል ምልክቱንና የይዘት ዝርዝሩን ማንበብ ይገባል። ማንበብ ለቻለች ልጅ ይህን ኀላፊነት መስጠት መልካም ነው።

ረፋድ፦ አንድ ዕቃ፣ አንድ ምክንያት

በአቡ ዳቢ «ዳይሶ»ን የመሰሉ ርካሽ የጃፓን መደብሮች ለዚህ ቀን ምቹ ናቸው። ሕጉ ከመግባት በፊት ይነገር፦ እያንዳንዷ ልጅ አንድ ዕቃ ብቻ ትመርጣለች፤ ለምን እንደመረጠችውም በአማርኛ ታስረዳለች። ምክንያቱን ስትፈልግ ዕቃውን ትመለከተዋለች፤ ዓይኑ ለምን ዝቅ ብሎ እንደተሣለ፣ ጭንቅላቱ ለምን ከአካሉ እንደገዘፈ ታስተውላለች።

በጃፓን መልክ የቀረበ ሁሉ ጃፓናዊ አለመሆኑም መነገር አለበት። ለምሳሌ ብዙ የተወራለትን «ላቡቡ» የሚሸጠው ፖፕ ማርት የቻይና ኩባንያ ነው። ውስጡ የትኛው አሻንጉሊት እንዳለ ሳይታወቅ የሚገዛው የታሸገ ሣጥንም ከልጅ ጋር ሊወሩበት ይገባል፤ የተፈለገው እስኪወጣ ደጋግሞ መግዛት የቤተሰብ በጀትን ያናጋልና።

ከሰዓት በኋላ፦ ሕይወት ያላቸው «ካዋይ»

ከዙህር ሶላት በኋላ ጉዞው ወደ አል ዐይን ይሆናል። መንገዱ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ነው። መኪናው ውስጥ ወላጆች ተራቸውን ሊያወሩ ይችላሉ። በባሕረ ሰላጤው አካባቢ ያደገ ብዙ ሰው በዐረብኛ የተመለከተው «ካፒቴን ማጂድ» ጃፓናዊ መሆኑን ያወቀው ዘግይቶ ነው።

በጀበል ሐፊት ግርጌ የሚገኘው የአል ዐይን የእንስሳት ፓርክ በ1968 በሼኽ ዛይድ ቢን ሱልጣን አል ነህያን የተመሠረተ ነው። ከሚያረባቸው እንስሳት አንዷ የአሸዋ ድመት ናት። ፊቷ ሰፊ፣ ጆሮዋ ትልቅ፣ መዳፏም ከሚያቃጥለው አሸዋ በሚጠብቃት ጠጉር የተሸፈነ ነው። በ2010 በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ ከማሕፀን ውጭ በተፈጠረ ፅንስ የተወለዱ የአሸዋ ድመት ግልገሎች የታዩት በዚሁ ፓርክ ነበር። ቦርሳ ላይ የታተመች ድመትን የወደደች ልጅ፣ የበረሃዋን ድመት ለማቆየት ይህን ያህል እንደተደከመ ብትሰማ መውደድ መንከባከብን እንደሚጠይቅ ይገባታል።

ነገሩ በጥናትም ተፈትሿል። በ2012 የሂሮሺማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት የቡችላና የድመት ግልገል ፎቶ የተመለከቱ ተማሪዎች ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራን ከቀድሞው በተሻለ ሠርተዋል። የሚያሳሳ ነገር ማየት እጅን ያለሰልሳል።

በዚያው ፓርክ ቀጭኔዎችን በእጅ መመገብ ይቻላል። እዚህ ጋ ስለ ኢትዮጵያዊቷ ቀጭኔ ማውራት ይገባል። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተሰኘው የአማርኛ የሕፃናት ፕሮግራም ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ፀሐይ የተባለች ትንሽ ቀጭኔ ናት። ፕሮግራሙ በብሩክታዊት ጥጋቡና በባለቤቷ የተጀመረ ሲሆን በ2008 በጃፓን በተካሄደ ዓለም አቀፍ የትምህርት ፕሮግራሞች ውድድር ተሸልሟል። ጃፓናውያን የእኛን ቀጭኔ ከሸለሙ፣ ልጆቻችን በመመለሻው መንገድ ፀሐይን በስልክ ቢመለከቷት ለቀኑ መልካም ማሳረጊያ ነው።

ልጆቻቸው ሩቅ ለሆኑ

ከአንባቢዎቻችን መካከል የሰው ልጆችን እያሳደጉ የራሳቸውን ሴት ልጅ በወሎ፣ በጅማ ወይም በአዲስ አበባ የተዉ እናቶች አሉ። ለእነርሱ ይህ ሽርሽር በሻንጣ የሚላክ አንድ አሻንጉሊት ሊሆን ይችላል። ከአሻንጉሊቱ ጋር በድምፅ መልእክት ስሙን፣ አገሩንና ለምን እንደተመረጠ መላክ ይቻላል፤ ልጅቱም በስልክ መልሳ የራሷን ስም ታወጣለታለች።

ለጉዞው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ቀዝቃዛ ወቅት ይመረጣል። የፓርኩን የመግቢያ ሰዓትና ዋጋ ቀድሞ ማጣራት፣ ውሃና ኮፍያ መያዝ፣ የዐስር ሶላት ሰዓትንም ከመመገቢያው ሰዓት ጋር ማመዛዘን ይገባል።