እግሩ የተቀደደው አሳቢ

ክሊቭላንድ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ስሄድ በዋናው በር አልገባም። ዋናው በር በስተሰሜን ነው፤ አብዛኛው ጎብኚ በዚያ ገብቶ ቀጥታ ጣሪያው መስታወት ወደሆነው አዳራሽ ያልፋል። እኔ ዞሬ በደቡብ፣ በዌድ ሐይቅ ዳር በአትክልቱ መሐል እመጣለሁ። ሐይቅ ይባል እንጂ ጣናን ለሚያውቅ ሰው ኩሬ ነው። ከውሃው ማዶ በ1916 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የነጭ እብነ በረድ ሕንፃ ይታያል። ደረጃው አናት ላይ ደግሞ የኦጉስት ሮዳን «አሳቢ» አገጩን በእጁ ደግፎ ተቀምጧል። ከጉልበቱ በታች ግን ነሐሱ ተቀዳዶ ተጣሟል፤ የእግሩም መዳፍ የለም።

ማርች 24 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው ሐውልቱ ሥር ቦምብ የፈነዳው። ዘመኑ የቬትናም ጦርነት ተቃውሞ የበረታበት ስለነበር ጥርጣሬው ወደ ጽንፈኛ ቡድኖች አዘነበለ፤ ለፍርድ የቀረበ ሰው ግን የለም። ዳይሬክተሩ ሸርማን ሊ ምርጫ ነበራቸው፦ ሌላ ቅጂ ማስሠራት፣ የጎደለውን ቀጥሎ መበየድ፣ ወይም እንዳለ መልሶ ማቆም። ሦስተኛውን መረጡ።

ለኔ ቢጤ የጥበብ ሥራ ጠጋኝ ይህ ሐውልት ትምህርት ቤት ነው። ሰዎች የነሐስ ሐውልት ድፍን ይመስላቸዋል፤ እዚህ ግን ውስጡ ባዶ፣ ብረቱም ስስ ቅርፊት መሆኑ በተቀደደው በኩል ወለል ብሎ ይታያል። «አልተጠገነም» ሲባልም የሚነካው የለም ማለት አይምሰላችሁ። ደጅ የሚውል ነሐስ ዝናብና የከተማ ጭስ ይበሉታል፤ እየታጠበ ሰም ካልተቀባ አረንጓዴ ዝገት ያዥጎደጉዳል። የተቀደደ ብረት ደግሞ ውሃ የሚያቁር ስንጥቅ ስለሚበዛው ከደህናው የበለጠ ጥበቃ ይፈልጋል።

የሊን ውሳኔ እደግፋለሁ። ይህ ሮዳን በሕይወት ሳለ በእሱ ክትትል ከተሠሩት ጥቂት ትልልቅ ቅጂዎች አንዱ ነው፤ በአዲስ ቢተካ የሮዳን ዓይን ያየው ብረት ይቀርብን ነበር። ግን ውሳኔውን ያቀለለ አንድ ነገር እንደነበረም እናገራለሁ፦ ሙሉውን አሳቢ ማየት ያማረው ሰው ፓሪስም ፊላደልፊያም ያገኘዋል፤ የክሊቭላንድ ሰው መኪና አስነሥቶ ዲትሮይት ቢሄድም ይበቃዋል።

ወደ ሥራ ቤቴ የሚመጡት ሥዕሎች ግን ሌላ ቅጂ የላቸውም። አንዲት እናት ከጎንደር ይዘውት የመጡትን በእንጨት ላይ የተሣለ የእመቤታችን ሥዕለ አድኅኖ በነጠላ ጠቅልለው አመጡልኝ። የዘመን የዕጣን ጢስ አጥቁሮታል፤ አንደኛው ዓይን ጧፍ አርፎበት ቀለሙ እስከ ጄሶው ድረስ ተቃጥሏል። «ልጄ፣ አዲስ አርጊልኝ» አሉኝ። አዲስ ማድረግ የሚባለው ነገር ያስፈራኛል። አገር ቤት የጥንት የግድግዳ ሥዕል «ታደሰ» ተብሎ በሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም ተሸፍኖ የቀረባቸው ቤተ ክርስቲያኖች አሉ። ስለዚህ ጥላሸቱን በጥጥና በምራቅ (አትሳቁ፣ ምራቅ ከብዙ ኬሚካል የተሻለ ያጸዳል) ቀስ ብዬ እንደማነሣ፣ የሚረግፈውን ቀለም እንደማጣብቅ፣ ዓይኑን ግን እንደማልነካው አስረዳኋቸው። ስለ ክሊቭላንዱ ሐውልትም ነገርኳቸው።

አዳምጠው ሲያበቁ «እማምላክ ታዲያ በምኗ ታየኛለች?» አሉ።

ሸርማን ሊን እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው አይኖርም፤ ሮዳን ፊት ቆሞ የሚጸልይ የለምና። ሙዚየም ውስጥ ጉዳት የታሪክ ማስረጃ ይሆናል፤ ከጸሎት ቤት ግድግዳ ላይ ግን ዓይኗ የጠፋ እመቤታችን ሥራዋ ይጓደላል። የተማርኩበት መጽሐፍ ሁሉ የተጻፈው ለሙዚየሙ ነው።

ዓይኑን ሣልኩት። መጀመሪያ በቀሪው የድሮ ቀለም ላይ ስስ ቫርኒሽ አለበስኩ፤ ከዚያ በላይ በሚለቅ የውሃ ቀለም፣ በደህናው ዓይን ልክ፣ ከጥቂት ስንዝር ርቀት ሲያዩት ከነባሩ እንዲለይ አድርጌ። በፊትና በኋላ ያነሣሁትን ፎቶ፣ የተጠቀምኩበትን ቀለምና የሚነሣበትን መንገድ ጽፌ በፖስታ አሽጌ ከሥዕሉ ጋር ሰጠኋቸው፤ ከኔ ቀጥሎ የሚይዘው ባለሙያ የኔ ዓይን የትኛው እንደሆነ እንዲያውቅ።