ባሌን ባሌ ጥዬው ልመጣ ነበር!

በርዕሱ አትሳቁ፤ የምሬን ነው። በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ እኔና ባለቤቴ «እስቲ ትንሽ እንናፈስ» ተባብለን ባሌ ሮቤ ገባን። በማግስቱ በጎሮ በኩል አቧራውን እየጠጣን ሶፍ ዑመር ደረስን።

ከላይ ሲያዩት ምንም የለም፤ ግራርና ግመል ብቻ። ድንገት መሬቱ ተሰንጥቆ ገደል ይሆናል። ከሥሩ ወይብ ወንዝ አለ። ከባሌ ተራሮች ተነስቶ ይመጣና እዚህ ሲደርስ የኖራ ድንጋዩን ሰርስሮ መሬት ውስጥ ይጠፋል! የተለካው መተላለፊያ በሙሉ ቢደመር 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሼህ ሶፍ ዑመር በ12ኛው ክፍለ ዘመን እንደኖሩበት ይነገራል፤ ለሙስሊሙ ዛሬም የተከበረ ቦታ ነው።

ውስጡማ… ምን ልበላችሁ! አምዶቹ አናጺ የጠረባቸው ነው የሚመስሉት። የሠራቸው ግን ውሃ ነው። የዝናቡ ውሃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ለስለስ ያለ አሲድ ይሆንና ድንጋዩን እንደ ስኳር ያሟሟዋል፤ እርግጥ ስንትና ስንት ሺህ ዘመን ይፈጅበታል።

በዋሻው አልፎ ለመውጣት ወንዙን ደጋግሞ መሻገር ያስፈልጋል። ሁለተኛው መሻገሪያ ላይ መሪያችን፣ አንድ ሽማግሌ፣ ባትሪያቸውን ውሃው ላይ አበሩና «ደፍርሷል፤ እንመለስ» አሉ።

ባለቤቴ ሳቀ። «ሰማዩ ጥርት ያለ አይደል እንዴ አባ?»

«ልጄ፣ ዝናቡ እዚህ ሳይሆን ተራራው ላይ ነው።»

የኔ ጀግና አልሰማም፤ ዘሎ ገባ። እንደምንም ተሻገረ፣ ግን ለመመለስ ሲዞር ውሃው ወገቡ ደርሷል። ጩኸቴ ዋሻው ውስጥ ሲያስተጋባ የሌሊት ወፍ ሁሉ ተነሳ። «ና ውጣ፣ ዋኝ! ዋና እችላለሁ ስትለኝ አልነበር?» ስለው ዝም። ደግሜ ብጮህ ዝም። ባትሪውን ፊቱ ላይ ሳበራ ነው የገባኝ። ይንቀጠቀጣል።

ሽማግሌው ገመድ ወረወሩለት። ወገቡ ላይ አስሮ፣ እሳቸውና ልጃቸው እየሳቡት፣ ሁለቴ ጠልቆ ወጣ። ትንሽ ቆይተን ዘወር ስንል እሱ ቆሞበት የነበረው ድንጋይ አይታይም።

እናንተ ስትሄዱ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሂዱ። ተራራው ላይ ዘንቦ እንደሆነ አስቀድማችሁ የአገሩን ሰው ጠይቁ፤ ባትሪም ለአንድ ሰው ሁለት ያዙ። ባልሽ «ዋና እችላለሁ» ካለሽ ደግሞ እህቴ፣ በዓይንሽ ሳታዪ አትመኚ!

እስከ ጎሮ አልተነጋገርንም። ከተማው መግቢያ ላይ ጉሮሮውን ጠረገና «ላንጋኖም እኮ» አለኝ፣ «እስከ ጉልበቴ ብቻ ነበር የምገባው።»