ከአስፋልቱ በታች፦ የቃዲሻ ሸለቆ የእግር መንገዶች

የቃዲሻን ሸለቆ በመኪና ዞሮ መጨረስ ይቻላል። ከቤይሩት ወደ ሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው፣ የገደሉን አፋፍ ተከትሎ የሚጠማዘዘውን አስፋልት ይዞ ኤህደንን፣ ብሻሪን፣ ሃስሩንን፣ ዲማንን በግማሽ ቀን ያዳርሳቸዋል። ቀይ ሸክላ የለበሱ የድንጋይ ቤቶች ያያል፣ የደወል ማማ ያያል። ቡናውን ጠጥቶ፣ ገደሉን ቁልቁል ተመልክቶ፣ ፎቶውን አንስቶ ይመለሳል። ያየው ግን አፋፉን ብቻ ነው። ቃዲሻን ዝነኛ ያደረገው ነገር አብዛኛው ከአስፋልቱ በታች ነው፤ እዚያ የሚያደርሰውም መነኮሳት፣ በቅሎ ነጂዎችና ገበሬዎች ለዘመናት የረገጡት ቀጭን መንገድ ነው።

መልክዓ ምድሩ ራሱ ይህን ግድ ይላል። ከሸለቆው ራስጌ የሊባኖስ ከፍተኛው ተራራ ቁርነት አስ ሳውዳ አለ፤ ከፍታው 3,088 ሜትር ነው። በብርዱ ወራት የሚከመርበት በረዶ ሲቀልጥ ወደ ኖራ ድንጋዩ ይሰርግና ከብሻሪ በላይ ካለ ዋሻ ይፈልቃል። የቃዲሻ ወንዝ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ተራራውን ሰንጥቆ ወደ ምዕራብ ይወርዳል፤ ትሪፖሊ ከተማ ሲደርስ አቡ አሊ ተብሎ ሜዲትራንያን ባሕር ይገባል። የኖራ ድንጋይን ውኃ ቶሎ ስለሚበላው ገደሉ በዋሻ የተበሳሳ ነው። መንደሮቹ አፋፉ ላይ ናቸው፣ ገዳማቱ የገደሉ ወገብ ላይ፣ እርከኖቹና ወንዙ ከግርጌ። የእግር መንገዱ ሥራ ሦስቱን ማገናኘት ነበር። ዱቄት ወደ ታች ያወርዳል፣ የእርከኑን ምርት ወደ ላይ ያወጣል፣ ሲብስም ሰውን ያሸሻል።

ይህ ማሸሽ ቀላል ነገር አልነበረም። የሶርያው መናኝ የቅዱስ ማሮን ተከታዮች፣ ማሮናይት የሚባሉት ክርስቲያኖች፣ ከ7ኛው ክፍለ ዘመን አንስቶ ከስደት እየሸሹ እነዚህን ተራሮች መጠጊያ አደረጉ። በ1283 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የግብፅ ማምሉኮች ጦር በአካባቢው ሲዘምት፣ የሃደት መንደር ሰዎች አሲ አል ሃደት በሚባለው ዋሻ ተሸሸጉ። ከዚያ ያልወጡም ነበሩ። የሊባኖስ ዋሻ አጥኚዎች ከ1989 እስከ 1991 ዋሻውን ሲቆፍሩ ስምንት አስከሬን አገኙ፤ ማንም በመድኃኒት ሳያደርቃቸው የዋሻው አፈርና ደረቅ አየር ሳይበሰብሱ አቆይቷቸዋል። የአራት ወር ገደማ ሕፃን አለችበት። ጥልፍ ቀሚሳቸው፣ ሳንቲማቸው፣ የእጅ ጽሑፋቸው፣ የምግባቸው ትራፊ ሳይቀር ተገኝቷል። ከአስከሬኖቹ የተወሰኑት ቤይሩት በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ምድር ቤት ይታያሉ። ለእኔ ጉብኝቱ ከዚያ ምድር ቤት ቢጀምር ይሻላል። ያንን ቀሚስ ያየ ሰው ገደሉ ላይ ጥቁር ቀዳዳ ባየ ቁጥር ማን ገብቶበት እንደነበር ይጠይቃል።

ከገዳማቱ ታላቁ ቃኑቢን ነው። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ለአራት መቶ ዓመት ገደማ የማሮናይት ፓትርያርክ መንበር ሆኖ ኖሯል። ቤተ ክርስቲያኑ ግማሹ ግንብ፣ ግማሹ ዐለት ነው፤ ግድግዳው ላይ እመቤታችን ዘውድ ስትጭን የሚያሳይ ሥዕል አለ። አንድ ፓትርያርክ እንዲህ ያለ ገደል ውስጥ መቀመጡን ለትሕትና ብቻ መስጠት የዋህነት ይመስለኛል። ፈረሰኛ ጦር የማይደርስበት ቦታ ነው። ዘመኑ ሲረጋጋ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ መንበሩ ከቃኑቢን ፊት ለፊት አፋፉ ላይ ወዳለው ወደ ዲማን ወጣ። መንደሬውም ቀስ በቀስ ፓትርያርኩን ተከተለ ማለት ይቻላል። ትምህርት ቤቱም ሐኪሙም መኪናውም አፋፉ ላይ ሲሆኑ ታች የሚያስቀር ነገር አልነበረም። ሸለቆው የተራቆተው፣ የእግር መንገዱም ሳይነካ የቀረው፣ በዚሁ ምክንያት ነው።

ከቃኑቢን ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ የቅድስት ማሪና ጸሎት ቤት አለች፤ ፓትርያርኮች ተቀብረውባታል። የቅድስቲቱን ታሪክ የእኛ ስንክሳር አንባቢ ያውቀዋል፤ እንባ መሪና ናት። አባቷ ሲመንን የወንድ ልብስ አልብሶ ይዟት ገዳም ገባ። በኋላ የአንድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ልጅ አስረግዘሃል ተብላ ተከሰሰች። ሴት ነኝ ብላ ነፃ መውጣት ስትችል ዝም አለች፤ ከገዳሙ ተባራ በሩ ላይ ሕፃኑን አሳደገች። ማንነቷ የታወቀው ስትሞት፣ አስከሬኗ ሲገነዝ ነው። የሊባኖስ ሰዎች ይህ ሁሉ የሆነው እዚሁ ቃኑቢን ነው ይላሉ።

ሐበሾች ግን ሸለቆውን ያወቁት በስንክሳር ብቻ አይደለም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያውያን መነኮሳት እዚያው ድረስ ሄደው ኖረዋል። ኤህደን ላይ የነበረው የማር ያዕቆብ፣ ማለትም የቅዱስ ያዕቆብ፣ ገዳም በእነሱ ተጠርቶ «የሐበሾቹ» ተብሏል። ኢየሩሳሌም ውስጥ ገዳም የነበራቸው አባቶች ወደ ሰሜን ቢገፉ አያስገርምም። የተጠጉትም በሃይማኖት ከሚመስሏቸው ከሶርያ ያዕቆባውያን ጋር ነበር። ያ መጠጋት ግን መዘዝ ነበረው፤ በ1488 ማሮናይትና ያዕቆባውያን ሲጋጩ ሐበሾቹም አብረው አካባቢውን ለቀው ወጡ። ስለዚህ ዩኔስኮ በ1998 ሸለቆውን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ከተመዘገበው የምንኩስና ታሪክ ጥቂቱ የእኛ ነው ብንል ድፍረት አይሆንም።

የሸለቆው ሌላኛው ክንፍ ላይ በቅዱስ እንጦንስ ስም የተሠራው የቆዝሃያ ገዳም አለ። እዚህ አስፋልት ስለሚደርስ እሑድ እሑድ ሰው ይበዛበታል። ዝናው ሁለት ነው። አንደኛው፣ በ1610 በሱርስትና በካርሹኒ፣ ማለትም በሱርስት ፊደል በተጻፈ ዓረብኛ፣ መዝሙረ ዳዊት የታተመበት መሆኑ ነው። ሁለተኛው ዋሻው ነው። አእምሯቸው የታወከ ሰዎች እንዲፈወሱ በሰንሰለት ታስረው የሚያድሩበት ዋሻ ነበር፤ ሰንሰለቱ ዛሬም አለ። እኛም አገር ጠበል ቦታ ላይ ሰንሰለት ያየ ሰው ነገሩን እንግዳ አድርጎ አያወራውም።

መንገዱ ራሱ እንዲህ ነው። የተለመደው የአንድ ቀን ጉዞ ከብሻሪ ይነሳና በነቢዩ ኤልሳዕ ስም ወደሚጠራው ወደ ማር ሊሻ ገዳም ይወርዳል። ይህ ገዳም ገደሉ ላይ የተለጠፈ ነው። ከዚያ በኋላ ወንዙን ተከትሎ፣ በዋልነትና በወይራ ጥላ ሥር፣ የፈረሱ እርከኖችን እያለፈ ቃኑቢን ይደርሳል። እስከዚህ ያለው ለእግር ቀላል ነው። መከራው ከዚህ በኋላ ነው፤ ከሸለቆው መውጫው ሁሉ አቀበት ነው። ወደ ሃውቃ የወጣ ሰው ከኮሎምቢያ መጥቶ ለብዙ ዓመታት ብቻውን የኖረ ባሕታዊ የነበረበትን ጸሎት ቤት ያያል። ወደ ዲማን የወጣ ሰው የቀድሞውንና የኋለኛውን መንበር በአንድ ትንፋሽ ያገናኛል፤ ትንፋሽ ከተረፈው ማለቴ ነው።

ይህ ክፍል ዛሬ የአንድ ረጅም መንገድ አካል ነው። በ2005 የተጀመረው የሊባኖስ ተራራ መንገድ ከሰሜኑ አንድቀት እስከ ደቡቡ መርጀዩን 470 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል። በ27 ክፍል የተከፈለ ሲሆን ከ75 በላይ ከተሞችንና መንደሮችን ያያይዛል። አብዛኛው አዲስ የተጠረገ ሳይሆን የቆየ የበቅሎና የእግረኛ መንገድ ነው፤ ድንጋይና ዛፍ ላይ በቀለም ምልክት ተደርጎበታል። ማታ ማረፊያው በየመንደሩ ያሉ የቤተሰብ ቤቶች ናቸው። የቤቱ እመቤት ራሷ ትጋግራለች፣ ታበላለች፣ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል። መንገዱ በደቡብ በኩል ጦርነት ባለፈበት መሬት ስለሚያልፍ፣ ሙሉውን መጓዝ የሚሻ ሰው የወቅቱን ሁኔታ ሳያጣራ መነሳት የለበትም።

ከአፋፉ መንደሮች ብሻሪ የተለየ ስም አላት። ገጣሚው ካህሊል ጂብራን በ1883 የተወለደው እዚያ ነው። በ12 ዓመቱ ከእናቱ ጋር ወደ ቦስተን ተሰደደ፤ በ1931 ኒውዮርክ ሲሞት ሬሳው ተመልሶ መጣ፣ የተቀበረውም ማር ሳርኪስ በተባለ የቀድሞ ገዳም ነው፤ አሁን ቤተ መዘክሩ ሆኗል። የመንደሮቹ ልጆች ብዙዎቹ እንደ እሱ አሜሪካና አውስትራሊያ ናቸው። በቀሩት ዘንድ ደግሞ በበጋ የመውጣት ልማድ አለ፤ የዝጋርታ ከተማ ሰው ሙቀት ሲበረታ ቤቱን ዘግቶ ኤህደን ይከርማል። በሊባኖስ ቤቶች የሚሠሩ እህቶቻችንም አሠሪዎቻቸውን ተከትለው ወደ እንዲህ ያሉ የተራራ መንደሮች ይወጣሉ። ሸለቆውን ከሰገነት ማየት አንድ ነገር ነው፤ ለመውረድ ግን ሙሉ የዕረፍት ቀን ይጠይቃል፣ ያም ስደተኛ ሠራተኛን ከአሠሪው ጋር በሚያስረው በከፋላ ሥርዓት በአሠሪው ፈቃድ የተወሰነ ነው።

ከብሻሪ በላይ፣ ከ1,900 ሜትር በላይ፣ በዚያው በዩኔስኮ ምዝገባ የተካተተው የአርዘ ሊባኖስ ደን አለ። ትንሽ ነው፤ የመጽሐፍ ቅዱሱን ጫካ ጠብቆ የሚሄድ ሰው ያዝናል። በ1876 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ባወጣችው ገንዘብ የተሠራው የድንጋይ አጥር ባይኖር፣ ቡቃያውን ፍየል ጨርሶት ነበር።

ለመሄድ ላሰበ ሰው፣ ሚያዝያ ማብቂያና ግንቦት ወይም መስከረምና ጥቅምት ይመረጣሉ፤ በጥርና በየካቲት በረዶ ይዘጋል። በጉዞው ላይ ሱቅ አይታሰብም፤ ውኃም ምግብም ከብሻሪ ይያዛል። ቃኑቢን ሲደርሱ ሰዓት ማየት ያስፈልጋል። ገደሉ ፀሐይን ቶሎ ስለሚጋርድ ዘግይቶ አቀበቱን የጀመረ ሰው የመጨረሻውን ደረጃ በባትሪ ብርሃን ሊወጣው ይችላል።