ቡናው በቁሙ ከመሸጡ በፊት…

መቼም የዘመድን ጓዳ አደባባይ ማውጣት ነውር ነው ይባላል። ግን ጉዳዩ የአንድ ቤት ብቻ ስላልሆነ፣ ስም ሳልጠራ ላጫውታችሁ።

የ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተነገረ ሰሞን ሁሩሙ ነበርኩ። ሁሩሙ ለማታውቋት ከመቱ ወደ ያዮ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ በቡናና በማር የምትኖር የኢሉባቦር ከተማ ናት። እህቴ የተዳረችው እዚያ ነው። ከሚኒባስ ወርጄ ግቢ ስገባ ቤቱ ለቅሶ ቤት መስሏል። ልጃቸው ፈተናውን አላለፈችም።

በዚያ ዓመት በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት ያለፉት 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ደሞ ከ4 በመቶ በታች ነበር። ይህንን ለእህቴ ብነግራት፣ እናት አይደለች፣ «የጎረቤት ልጅ ግን አለፈ» አለችኝ። ምን እላታለሁ?

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ወረቀት ተዘርግቷል። ከሌላ ከተማ የመጣ የአንድ የግል ኮሌጅ ሰው ቤት ለቤት እየዞረ ያደላቸው ናቸው። አንዱ ማርኬቲንግ ይላል። አንዱ የቤተ መጻሕፍት አያያዝ ይላል። ሦስተኛው የስፖርት አሰልጣኝነትና የስፖርት ጉዳት ሕክምና ነው። ሦስቱም ላይ ያቺው ጋዋን የለበሰች ልጅ ያንኑ ፈገግታ ትፈግጋለች።

«አንተ ከተማ የኖርክ ሰው ነህ፤ አንዱን ምረጥልን» አለኝ የእህቴ ባል። «የገንዘቡን ነገር አታስብ። ቡናውን በቁሙ እሸጠዋለሁ።»

ደነገጥኩ። ወሩ መስከረም ነው፤ ቡናው ገና አረንጓዴ ነው። በቁሙ መሸጥ ማለት ነጋዴው ዛሬ ብር ቆጥሮ ይሰጥሃል፣ ፍሬው ሲቀላ መጥቶ ለቅሞ ይወስዳል ማለት ነው። የዋጋው ልዩነት የእሱ ነው። የቤቱ የዓመት ቀለብ፣ የታናናሾቿ ደብተርና ጫማ ያለው እዚያው ዛፍ ላይ ነው።

እኔ ደሞ ይህን ፊልም አይቼዋለሁ። በ1990ዎቹ አጋማሽ 10+1፣ 10+2 የሚሉ ኮሌጆች በየከተማው እንደ አሸን ሲፈሉ፣ አባቴ የሁለት ዓመት የማር ገንዘቡን አውጥቶ የቤተ መጻሕፍት ኮርስ አስተማረኝ። ተመርቄ፣ ፎቶ ተነስቼ፣ ወረቀቴን ይዤ ሥራ ስጠይቅ «ይሄ ኮሌጅ በዚህ ሙያ እውቅና የለውም» አሉኝ። የኮሌጁን ስም አልጠራም፤ ዛሬ ቦታው ላይ ሶፋ ይሸጥበታል። አባቴ አንድም ቀን «ገንዘቤን» ብሎኝ አያውቅም። እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚያመኝ።

ሙያውን ግን አልጠላሁትም። በኋላ አንድ ት/ቤት ንብረት ክፍል ሲቀጥረኝ ቤተ መጻሕፍቱን ደርቤ ያዝኩና የዴዌይን አመዳደብ እዚያው አቧራ ውስጥ ተማርኩት። የቡና መጽሐፍ ቁጥሩ 633.73 ነው፤ የትም አገር ይህን አመዳደብ የሚከተል ቤተ መጻሕፍት ብትገቡ ከዚያው መደርደሪያ ታገኙታላችሁ። ይህን ሳውቅ እንደ ልጅ ነበር ደስ ያለኝ። ችግሩ፣ ሁሩሙን በመሰለ ከተማ ለዚህ ሙያ ስንት ሰው ይቀጠራል? አንድ? ሁለት? እነሱም ጡረታ እስኪወጡ አይነቃነቁም።

ይህን ሁሉ ስናወራ ለካ ልጅቷን የጠየቃት የለም!

«አንቺስ?» አልኳት። «ኤሱማ» ብላ ነው የምትጠራኝ፤ በኦሮምኛ የእናት ወንድም ማለት ነው። ቀና ሳትል ሦስተኛውን ወረቀት ነካችው። ሯጭ ልትሆን ነው ብዬ አሰብኩ፤ የደራርቱንና የቀነኒሳን ስም እየሰማች ያላደገች ልጅ የት አለች? እሷ ግን ስለ ሩጫ አልነበረም የምታስበው።

ዘጠነኛ ክፍል ሳሉ አንድ የክፍሏ ልጅ ኳስ ሲጫወት ቅልጥሙ ተሰበረ። ወጌሻ ተጠራና በቀርከሃ አጥብቆ አሰረው። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ «አጥንቱ እየገጠመ ነው» ተባለ። በሦስተኛው ቀን የእግሩ ጣቶች ጠቆሩ። ሆስፒታል ሲደርስ ደም ከተቋረጠ ቆይቷል፤ እግሩ ተቆረጠ። «ኤሱማ፣ ልጠይቀው ሄጄ ጣቶቹን ነክቻቸው ነበር። በረዶ ነበሩ። ብርድ ነው ብዬ ብርድ ልብስ ደረብኩለት» አለችኝ። አባቷ ይህንን የሰማው የዚያን ቀን ነው።

እዚህ ላይ ጨዋታዬን ላቋርጥና፣ ልጆች ያላችሁ ስሙኝ። ወጌሻ ሁሉ ጥፋተኛ ነው አላልኩም፤ እኔንም ከአንዴም ሁለቴ ወለምታዬን አሽቶልኛል። ነገር ግን የታሰረ እግር ወይም እጅ ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ፣ ከደነዘዘ፣ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ማሰሪያውን ዛሬ፣ አሁኑኑ ፈትታችሁ ሆስፒታል ሂዱ። «ትንሽ ይታገስ» አይባልም። ወለም ያለና ያበጠ ቁርጭምጭሚት ደሞ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት በሙቅ ቅባት አይታሽም፤ እብጠቱን ያብሰዋል። ቀዝቃዛ ነገር በጨርቅ ጠቅልሎ መያዝ፣ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ነው። አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ ራጅ ይነሳ።

ወደ ቤቱ ልመለስ። በነጋታው ሦስታችን መቱ ወርደን ጉዳዩ የሚመለከተው ቢሮ ገባን። እውቅና ለኮሌጁ ስም ብቻ አይሰጥም፤ ለየሙያው፣ ለየደረጃውና ለየቅርንጫፉ ነው። ብዙ ወላጅ የሚሸወደው እዚች ላይ ነው። ኮሌጁ በማርኬቲንግ ፈቃድ አለው፤ ስፖርቱ ላይ የለውም! ከሥልጠናው በኋላ ደሞ የብቃት ምዘናው፣ እኛ ሲኦሲ የምንለው አለ፤ እሱን ያላለፈ ሰው ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ያምራል እንጂ እንጀራ አይሆንም። ያደረ ዝናብ ጫማችንን በጭቃ ቢያበላሸውም፣ የሚኒባሱ ሂሳብ የአንድ ማሳ ቡና አዳነልን።

ስንመለስ ልጅቷ መስኮቱ ጋ አንገቷን ደፍታለች። አባቷ ዝም ሲል ቆይቶ «ማርኬቲንግ ማለት ግን ምንድን ነው? መነገድ ትምህርት ያስፈልገዋል?» አለኝ።

«አንተ ቡናህን የት ነው የምታደርቀው?» አልኩት።

«መሬት ላይ ነዋ።»

መሬት ላይ የደረቀ ቡና የአፈር ጠረን ይይዛል። ምርት ገበያ ቡና ማገበያየት ከጀመረበት ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ደረጃው በዓይንም በቅምሻም ይለያል፤ ያችን የአፈር ጠረን ቀማሹ ያገኛታል፣ ዋጋውም ይወርዳል። በአልጋ ላይ ቢደርቅ፣ የቀላው ብቻ ተመርጦ ቢለቀም ሌላ ነው። እሸቱን መሸጥ ይሻላል ወይስ ጀንፈል አድርጎ ማቆየት? የያዮ የቡና ጫካ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ ሁሩሙም ከወረዳዎቹ አንዷ ናት። ታዲያ በዚያ ስም የሚሸጥ ስንት ገበሬ አለ? ማርኬቲንግ የሚባለው ይሄ ነው እንጂ ከረባት ማሰር አይደለም። የእህቴ ባል እስከ ቤት ድረስ አልተናገረም። ነጋዴው በማግስቱ ሲመጣ ግን «ቡናው ይቅላ» ብሎ መለሰው።

ልጅቷ መቱ በመንግሥት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ማርኬቲንግ ገባች። ክፍያው ቡና በቁሙ አያስሸጥም። ደስ ብሏት ነው ወይ ብትሉኝ፣ የመጀመሪያው ወር ላይ ስልኬን አላነሳችም። አኮረፈች። እውነቷን ነው፤ የመረጠችውን አልነበረም የሰጠናት። በኋላ ቀይ መስቀል የሚሰጠውን የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ፈልጋ ወሰደች፤ ቅዳሜና እሁድ ሁሩሙ እየተመለሰች የድሮ ስፖርት መምህሯን ታግዛለች። ፊዚዮቴራፒ ለመማር ፈተናውን እንደገና እወስዳለሁ ትላለች። ትችላለች አትችልም አልልም።

ኅዳር ላይ ቡናው ተለቀመ፤ አባቷ በቀርከሃና በሽቦ ወንፊት አንድ የማድረቂያ አልጋ ሠርቷል። አንድ ብቻ፤ «ልሞክረው» ብሎ።

በጥር አንድ እሁድ ማታ ደወለች።

«ኤሱማ፣ ዛሬ አንድ ልጅ ኳስ ሜዳ ላይ ወለም አለው። ቅባት ይዘው መጡ። አይነካም አልኩ።»

«እሺ፣ በረዶ ከየት አመጣሽ?»

«ለስላሳ የሚሸጠው ሰውዬ ፍሪጅ ውስጥ ከነበረው። ሁለት ሚሪንዳ ካልገዛሽ አለኝ፤ ገዛሁ።»

«ጣቶቹስ?»

«ይሞቃሉ። በየሰዓቱ እየሄድኩ እነካቸዋለሁ» አለችኝ።