ሁለት መድኃኒት በአንድ ልብ

አንባቢ ሆይ፤ አባትህ ወይም እናትህ በየማለዳው የሚውጡትን ኪኒን ስሙን ታውቃለህን? «የደም ብዛት መድኃኒት ነው» ብለህ ብትመልስ መልስህ ግማሽ ነው። «አንዱ የደም ብዛት፣ አንዱ የልብ ነው» ብትል ደግሞ ጥያቄው ገና መጀመሩ ነው፤ ሁለቱ መድኃኒቶች በአንድ ደም ውስጥ ሲገናኙ የሚሆነውን የሚያመዛዝን ሰው ሊኖር ይገባልና። ያ ሰው ሐኪሙ ነው። ዳሩ ግን ሐኪሙ የሚያመዛዝነው የተነገረውን ብቻ ነው።

«ሁለት ባላ ትከል» የሚለው ያባቶች ምክር ለቤትና ለንግድ እጅግ መልካም ነው፤ ለመድኃኒት ግን ሁልጊዜ አይሠራም። እያንዳንዳቸው ትክክል የሆኑ ሁለት መድኃኒቶች፣ አንዱ የሌላውን መኖር ሳያውቅ ሲታዘዙ፣ ልብን ሊያቆሙ ይችላሉ።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በሐዲያና በከምባታ ከተሞች ያለውን አኗኗር እንመልከት። ሆሳዕና ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደጋው ላይ የተቀመጠች፣ የሐዲያ ዞን ዋና ከተማና በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። በዚያ የሚገኘው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ከሐዲያ ገዢዎች ቤት ተወልደው የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት በነበሩት በንግሥት እሌኒ ስም ይጠራል። ከሾኔ፣ ከሆመቾና ከሌሎችም ከተሞች ሕመም የጠናበት ሰው ወደዚያ ይላካል።

አሁን በምሳሌ አንድ ሽማግሌ እናስብ። በሚኖሩበት ከተማ ጤና ጣቢያ ደማቸው ከ140 በ90 በላይ ሆኖ ስለ ተገኘ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባለ፣ ሽንት የሚያበዛ ኪኒን ይጀምራሉ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ልባቸው ሥርዓት ባጣ ትርታ ሲያስቸግራቸው ሆሳዕና ሄደው ዲጎክሲን ይታዘዝላቸዋል። መድኃኒት ባለቀ ጊዜ በአቅራቢያ ካገኙት የግል መድኃኒት ቤት ይገዛሉ። ከዚህ አገር ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄዱ የታወቀ ነውና፣ በዚያ የሚሠራው ልጃቸው ደግሞ «ይህ የተሻለ ነው» ብሎ ሌላ ማሸጊያ በሰው ይልካል። እነሆ፤ አንድ ሽማግሌ፣ አራት በር፣ አንድ ልብ! ከአራቱ በሮች ሁሉን የሚያይ ሰው ግን የለም።

ለመሆኑ ዲጎክሲን ምንድን ነው? ዲጂታሊስ ከተባለ ባለ አበባ ተክል የተገኘ መድኃኒት ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዊዘሪንግ አንዲት ባልቴት በምሥጢር ትይዘው ከነበረው፣ ሃያ ያህል ቅጠል ከተቀላቀለበት የባህል መድኃኒት ውስጥ የሚሠራው ይህ አንዱ ቅጠል መሆኑን ለይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1785 ስለ እርሱ መጽሐፍ አሳተመ። መጠኑ ሲያልፍ እንደሚያስመልስ፣ ነገሩን ሁሉ ቢጫና አረንጓዴ አድርጎ እንደሚያሳይ፣ የልብንም ትርታ ከልክ በላይ እንደሚያዘገይ ያን ጊዜውኑ አስጠንቅቆ ነበር። በአገራችን ይህ መድኃኒት የሚያስፈልገው ለአረጋውያን ብቻ አይደለም። በልጅነት የታመመ ጉሮሮ ሳይታከም ቀርቶ የልብ በሮቻቸው የተጎዱባቸው ወጣቶችም ይወስዱታል።

እንግዲህ ወደ ምሥጢሩ እንግባ። የልብ ጡንቻ ሕዋስ ሶዲየምን ወደ ውጭ፣ ፖታሲየምን ወደ ውስጥ የሚያመላልስ ጥቃቅን ፓምፕ አለው። ዲጎክሲን የሚሠራው ይህን ፓምፕ በመጠኑ በማገድ ነው። ፖታሲየምና ዲጎክሲን ለአንድ ወንበር እንደሚሻሙ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ፖታሲየም በደም ውስጥ ሲያንስ ዲጎክሲን ወንበሩን ሁሉ ይይዛል። በሽንት የሚያስወጣው የደም ብዛት ኪኒን ደግሞ ከጨውና ከውሃ ጋራ ፖታሲየምን ጠርጎ ይወስዳል። ላዚክስ በሚባለው ስሙ የታወቀው ፉሮሴማይድም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ የዲጎክሲኑ መጠን ምንም ሳይጨምር፣ ትላንት መድኃኒት የነበረው ዛሬ መርዝ ሊሆን ይችላል። ተቅማጥና ትውከት ሲጨመርበት አደጋው ይብሳል።

ሁለተኛው አስጊ ግንኙነት በሁለት ልጓሞች መካከል ነው። አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎልና ፕሮፕራኖሎል ደምን ዝቅ ሲያደርጉ የልብንም ትርታ ያዘገያሉ። ቬራፓሚልም ለደም ብዛትም ለልብ ትርታም የሚሰጥ ሲሆን እርሱም ያዘገያል። አንድ ፈረስ በሁለት ሰው ልጓሙ ቢሳብ እንደሚቆም ሁሉ፣ እነዚህ ሲደረቡ ልብ እጅግ ሊዘገይ፣ ሰውየውም ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። አምሎዲፒን የቬራፓሚል ዘመድ ቢሆንም በትርታ ላይ ይህን ያህል አይበረታም፤ ዘመድ ሁሉ አንድ ጠባይ የለውምና «ያው ነው» ብሎ መለወጥ ስሕተት ነው።

ሦስተኛ፣ ለከባድ የትርታ መዛባት የሚሰጠው አሚዮዳሮን፣ እንደዚሁም ቬራፓሚል፣ ዲጎክሲን ከሰውነት እንዳይወጣ ያግዱታል። ስለዚህ አሚዮዳሮን ሲጀመር ሐኪሙ ብዙ ጊዜ የዲጎክሲኑን መጠን በግማሽ ይቀንሳል። ነገር ግን ዲጎክሲን መኖሩን ካልሰማ ምኑን ይቀንሳል?

አራተኛው የፊተኛው ተቃራኒ ነው። ኤናላፕሪልና ስፒሮኖላክቶን ፖታሲየምን በሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ። ሁለቱ ሲገናኙ፣ ይልቁንም ኩላሊት ሲደክም፣ ፖታሲየም ከልክ በላይ ወጥቶ ልብን ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ የሚወስዳቸው ሰው ደሙን በየጊዜው ማስመርመር አለበት።

ከእነዚህ ሌላ ማንም የማይጠረጥራቸው እንግዶች አሉ። ለወገብና ለጉልበት ሕመም ያለ ማዘዣ የሚገዛው ዳይክሎፌናክ ደምን ከፍ ያደርጋል፤ ከኤናላፕሪልና ሽንት ከሚያበዛው ኪኒን ጋራ ሲሆን ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል። ለጨጓራ ባክቴሪያ የሚሰጠው ክላሪትሮማይሲን ዲጎክሲንን በደም ውስጥ ያበዛል። «ይህ የጨጓራ ነው፤ ከልብ ጋራ ምን አገናኘው?» የሚል ሰው፣ ደም ለሁሉም አንድ መንገድ መሆኑን የረሳ ነው።

ስምም ያታልላል። ቴኖርሚን የሚል ጽሑፍ ያለበት ማሸጊያና አቴኖሎል የሚለው ማሸጊያ የያዙት አንድ መድኃኒት ነው። ከውጭ የተላከውን ከአገር ውስጡ ጋራ ደርቦ የሚውጥ ሰው፣ ሁለት መድኃኒት የወሰደ መስሎት አንዱን ሁለት እጥፍ ይወስዳል።

ይህን ሁሉ አንብበህ የቤተሰብህን ኪኒን ሰብስበህ እንዳትጥል አደራ! ሐኪሞች ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹን አውቀው፣ መጠኑን መትረው፣ ደሙን እየመረመሩ አንድ ላይ ያዛሉ፤ ብዙ ሰውም በዚህ ይድናል። አቴኖሎልንና መሰሎቹን በድንገት ማቆምም ራሱ ለልብ አደጋ ነው። ክፉው መገናኘታቸው ሳይሆን ሳይታወቁ መገናኘታቸው ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? በማሸጊያው ላይ ያለው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። በቤትህ ይህን ማንበብ የምትችለው አንተ ከሆንህ ሥራው የአንተ ነው። የኪኒኑን ሁሉ ስም፣ ሚሊግራሙንና የሚወሰድበትን ሰዓት በአንድ ወረቀት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጻፍ፤ በትልልቁ የሚታተመውን የንግድ ስም ሳይሆን በሥሩ በትንሹ የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስም ፈልግ። ወደ ሐኪም ቤትም ሆነ ወደ መድኃኒት ቤት ሲሄዱ ወረቀቱንና መድኃኒቱን ሁሉ፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ በአንድ ከረጢት ይያዙ። አዲስ ሲታዘዝ «ይህ ከእነዚህ ጋራ ይስማማልን?» ብለው ይጠይቁ፤ መጠየቅ ባለሙያን መናቅ አይደለም።

የልብ ትርታ መቁጠርንም ተማር። ሁለት ጣትህን ከአውራ ጣት በታች በእጅ አንጓ ላይ አሳርፈህ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠር። የጤናማ ሰው ትርታ ዐርፎ ሲቀመጥ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 100 ነው። የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ትርታው ከ60 በታች ወርዶ ቢያዞረው፣ የምግብ ፍላጎቱ ቢጠፋ፣ ቢያስመልሰው፣ ዓይኑ ቢጫ ቢያይ ወይም ነገር ቢምታታበት ነገ ሳይባል ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። መድኃኒቱንም የደበቀ፣ ወይም ሳያውቅ ሳይናገር የቀረ፣ ከመድኃኒቱ የሚያድነው ይቸገራል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ ማታ እቤት ስትገባ ከሁሉ አስቀድመህ ያን የመድኃኒት ከረጢት ጠይቅና ስሞቹን መጻፍ ጀምር።