የማሕፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ የሠለጠነ ዓይን ይሻል

በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚያጠቁ የካንሰር ዓይነቶች መካከል የማሕፀን በር ካንሰር ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በሁለተኛ ደረጃ ላይ ይገኛል። መንስኤው በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፈው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ ካንሰር እስኪያስከትል አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል፤ ሴቲቱ በእነዚህ ዓመታት ሕመም ስለማይሰማት ወደ ጤና ተቋም አትሄድም።

ምርመራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ባለሙያዋ አቼቶን የሚያኮመጥጠውን አሴቲክ አሲድ ከ3 እስከ 5 በመቶ በጥብጣ የማሕፀኑን በር ትቀባና አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። ነጥቶና ጎልቶ የሚታይ ክፍል የቅድመ ካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል። አስቸጋሪው ነገር ኢንፌክሽንም ሊያነጣው መቻሉ ነው። ልዩነቱን ያልለየች ባለሙያ ጤነኛዋን ታስደነግጣለች፤ ወይም ደግሞ ይባስ ብሎ፣ ሕክምና የሚያስፈልጋትን “ደኅና ነሽ” ብላ ትሸኛለች።

ስለሆነም የአዋላጅ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ሥልጠና በፎቶግራፍ ልምምድ ተጀምሮ፣ በአሠልጣኝ ክትትል ተገልጋዮችን ወደ መመርመር ይሸጋገራል። ለውጡን በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ማስወገድም የሥልጠናው አካል ነው። ከሩቅ ቀበሌ በእግሯ ለመጣች እናት ምርመራና ሕክምና በአንድ ቀን ካላለቀ፣ ቀጠሮው በአጨዳ ወቅት ላይ ውሎ ሊቀር ይችላል። ለውጡ ሰፊ ወይም አጠራጣሪ ከሆነ ግን ወደ ሆስፒታል ትላካለች።

ምርመራው በተለይ ከ30 እስከ 49 ዓመት ለሆኑ ሴቶች ይመከራል፤ ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝ ሴቶች ቀደም ብለው መጀመር አለባቸው። ልጃገረዶችን የሚከላከለው ክትባት ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሪቱ ይሰጣል፤ የእናቶቻቸውን ምርመራ ግን አይተካም።