ዳጣ ምላስ እንጂ ኮሶ አያቃጥልም

ወላይታ ሶዶ ቁርጥ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የገባ እንግዳ ወዲያው ይለያል። ሥጋውን ከቃሪያ በተሠራው ማባያ፣ በዳጣው ውስጥ ድፍቅ አድርጎ ይጎርሳል፤ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፤ እጁ ወደ ውኃው ይሮጣል። ውኃው ግን ቃጠሎውን አፉ ውስጥ ከማዞር በቀር የሚፈይደው የለም።

የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። በብዛት የሚገኘውም ብዙዎቻችን እንደምናስበው በቃሪያው ፍሬ ውስጥ ሳይሆን ፍሬዎቹ በተጣበቁበት ነጭ ክፍል ላይ ነው። በውኃ እምብዛም አይሟሟም፤ በቅባት ግን ይሟሟል። ስለዚህ እንግዳችንን የሚያድነው ወተት ወይም ቅቤ የገባበት አይብ ነው። ዳጣ ሲፈጭ የዋለ እጅም ቀድሞ በዘይት ታሽቶ ከዚያ በሳሙና ቢታጠብ ይሻላል። እስከዚያው ዓይን መንካት የለም!

ምላሳችን ላይ ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ የሆነ ሙቀትን ለአንጎል የሚያሳውቅ ተቀባይ አለ። ካፕሳይሲን ይህንኑ ይቀሰቅሳል፤ ምላስ ሳይግል አንጎል «ተቃጠልኩ» ብሎ ላብና ንፍጥ ያወርዳል። ተቀባዩን እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ ያደረገው ቡድን መሪ ዴቪድ ጁሊየስ በ2021 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ጉንፋን ይዞት ዳጣ የበላ ሰው «አፍንጫዬ ተከፈተ» ቢል እንግዲህ እውነቱን ነው። ቫይረሱ ግን ንቅንቅ አይልም።

ዳጣ ከቃሪያው ሌላ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላና ጤና አዳም ይገባበታል። ሲሰነብት ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ያኮመጥጡታል፤ ቶሎ የማይበላሸውም በዚህ ነው። ድንቅ ሙያ ነው። ይህን ሁሉ ጉልበት አይተው «የጥሬ ሥጋውንም ትል ይገድላል» የሚሉ ግን ተሳስተዋል። የኮሶ ትል እጭ የሚቀመጠው ሥጋው ውስጥ፣ ፈሳሽ በያዘች ትንሽ ከረጢት ተሸፍኖ ነው። ዳጣው የሥጋውን ገጽ ብቻ ይቀባል። እጩ አንጀት ከደረሰ በኋላ በወራት ውስጥ ብዙ ሜትር የሚረዝም ትል ይሆናል።

አያቶቻችን ለዚህ የኮሶ አበባ ይጠጡ ነበር። ትሉን ያስወጣል፤ ነገር ግን መጠኑ በግምት ስለሆነ ሲበዛ ሰውየውንም ይጎዳል። ዛሬ ጤና ጣቢያ የሚታዘዝ ፕራዚኳንቴል አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ መውሰድ ይበቃል። ቁርጥ የምትወዱ ሥጋው በቄራ የተመረመረ መሆኑን ጠይቁ፤ ምርመራውም ሁሉን እጭ እንደማያገኝ እወቁ። እርግጠኛ መሆን የፈለገ ሥጋውን አብስሎ፣ ዳጣውን እንደልቡ ጨምሮ ይብላ።